አንበሳ ቆፍሮ የሚበላው ሥር

ብኸይታ የተጠራችው ረቡዕ ማለዳ፣ ሙርሳል ገና ሳይታጠብና ሳይከፈን ነበር። ስትደርስ ሬሳው የቀርቀሃ አልጋው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ጥርሱ ተነክሷል፤ ከንፈሩ ንብ የነደፈው ይመስል አብጧል፤ የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። ያ እግር ከአሶሳ ባምባሲ ድረስ የገዥውን መልእክት ይዞ ሮጦ፣ በማግስቱ መልሱን ይዞ የሚመለስ እግር ነበር።

ብኸይታ ሐኪም አይደለችም። በገበያው ቅቤ በሞራ፣ ማር በዱቄት፣ የሰሊጥ ዘይት በኑግ ተደባልቋል ተብሎ ጠብ ሲነሳ የምትጠራ ቀማሽ ናት። ምላሷን ሻጭም ገዢም ያምነዋል። እግሯን ግን እሷም አታምነውም፤ ከቤቷ ገበያ እስክትደርስ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታርፋለች፤ ሰፈርተኛውም ድንጋዮቹን «የብኸይታ በርጩማ» ይላቸዋል።

«ሼኼ፣ እኔ የቅቤ ሰው ነኝ። ሬሳ ምን አውቄ?» አለች፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

የገዥው ዳኛ ሼኽ ሐመድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በበላው ነገር ሞተ ነው የሚሉት። በምግብ ነገር ካንቺ ወዲያ ማንን ልጥራ? አንዲትም ቀን ከምግብ ተጣልተሽ አላየንሽም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቱ ኸድራ፣ ምራቴ መርዝ አበላችው ብላለች። ወንድሞቹ ጦራቸውን ስለዋል። እስከ ጁምዓ ሶላት ድረስ እንዲታገሱኝ ለምኛቸዋለሁ። እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ሚስቱን ሰዕዲያን አሳልፌ እሰጣለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።»

ብኸይታ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። በቀኝ እጁ ጥፍሮች ሥር አመድማ ዱቄት ገብቷል። የግራ ጉልበቱ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁን ስትፈታው ጉልበቱ የበሰለ ዱባ አክሏል።

«ይህን ጉልበት ይዞ ነበር የሚሮጠው?»

«ማንም አላወቀም» አሉ ሼኽ ሐመድ።

ሰዕዲያን ጓዳ ውስጥ አስቀምጠዋታል፤ በሩ ላይ የባሏ ወንድም ጦሩን ተደግፎ ቆሟል። የአራት ዓመት ሴት ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ብኸይታ ስትገባ ወጣቷ ሴት አላለቀሰችም፤ እንባዋን ጨርሳ ነበር። ብኸይታ ሁለት እጆቿን ያዘች። የደረቁ፣ ምንም ጭረት የሌለባቸው እጆች ነበሩ።

«ማታ ምን በላችሁ፣ ልጄ?»

«የማሽላ ገንፎ በባሚያ፣ ሐቦባ፣ አያቴ። ከአንድ ገበታ ነው የበላነው፣ እኔም፣ እሱም፣ ልጄም። ያ ቀርቶ ትራፊውን ዶሮዎቹ ለቅመውታል፤ ይሄው ይጭራሉ።»

«ሌላስ?»

ሰዕዲያ ወደ በሩ ገልመጥ አለች። «ከወር ወዲህ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ከቤት ጀርባ ይሄዳል። እኔ ለጸሎት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሲጮህ ሮጬ ወጣሁ፤ አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። እናቱ ጩኸቱን ሰምታ ከጎረቤት መጣች። ራሱን ታቅፋ፣ ‹ስንት እፍኝ፣ ልጄ? ስንት እፍኝ?› ትለዋለች። መመለስ አልቻለም። ከዚያ አጠገቡ የነበረውን ቅል አንስታ ይዛ ሄደች። ስትመለስ ‹ገዳይ!› ብላ እኔ ላይ ጮኸች።»

«ቅሉ ውስጥ ምን ነበር?»

«አላየሁም። የልጄን አባት እንዳልቀብር ያደርጉኛል፣ ሐቦባ። ልጄስ? ልጄን ለማን ልተዋት?»

ብኸይታ የልጅቱን ራስ ዳሰሰችና ወጣች።

ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ዳስ ኸድራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ፊቷ በአቧራ ተሸፍኗል፤ ክንዶቿ ግን እስከ ክርኗ ድረስ በሰሊጥ ዘይት ያብረቀርቃሉ። ብኸይታ እዚያ አገር ተወልዳ አርጅታለች፤ ሐዘን የተቀመጠች እናት ዘይት ስትቀባ አይታ አታውቅም። ኸድራ አንዱን ክንዷን በሌላው አሸት አሸት አደረገችና ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

«አላህ ያጽናሽ» አለች ብኸይታ።

«ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ? ገዳይዋ ጓዳ ናት።»

«ቅሉን ወዴት አደረስሽው?»

«የምን ቅል? ልጄ ሞቶብኝ ስለ ቅል ታወሪኛለሽ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ቀብሩ በዚያው ቀን ተፈጸመ። ብኸይታ ከመቃብሩ ስትመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አረፈች፤ ያን ጊዜ ኻሚስ መጣ። ወጣት ነው፤ ከቀናት በፊት የሯጭነቱን ቦታ ለመያዝ ከሙርሳል ጋር ሊወዳደር ቀጠሮ የተያዘለት እሱ ነበር። ሰዉም ጣቱን ወደሱ መቀሰር ጀምሯል።

«ገድሎታል ይላሉ፣ ሐቦባ፣ አይደል? እኔ ግን በሩጫው አልፈው ነበር። ምን ሊያስቸኩለኝ?»

«ጉረኛ። ምን በልተህ ነው የምታልፈው?»

«ያንኑ እኮ ነው እሱም የጠየቀኝ!» አለ ኻሚስ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ። «የዛሬ ወር እወንዝ ዳር አግኝቶኝ፣ ‹ምን እየበላህ ነው?› አለኝ። ማሽላ፣ ባሚያ፣ ሲገኝ ዓሣ፣ አልኩት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ሳትወጣ ኮረብታውን እወጣለሁ፤ ስወርድ እሮጣለሁ፤ ማታ በጊዜ እተኛለሁ። ሳቀብኝ። ‹አንተም ትደብቃለህ› አለኝ። ወላሂ የደበቅኩት ነገር የለም። ማሽላ ነው! ማሽላ ምኑ ይደበቃል?»

«ማሽላ ነው ብለህ ማንን ታሳምናለህ፣ ልጄ» አለች ብኸይታ። «በል ደግፈኝና ወደ ባቢከር እንሂድ።»

ባቢከርን የማያውቅ የለም። ከሱዳን ጨውና ጨርቅ እየጫነ የሚመጣ ነጋዴ ነው፤ ከዘንድሮ ክረምት ወዲህ ግን ዋና ሸቀጡ ዱቄት ሆኗል። በየገበያ ቀኑ ሙርሳልን ጭኑን አስገልጦ የወፍጮ ድንጋይ ያሸክመውና ይጮኻል፦ «ያ ጀመዓ፣ ሰዎች ስሙኝ! አንበሳ ሲደክመው ቆፍሮ የሚበላው ሥር! ሙርሳልን እዩ! ይህ እግር ከምን መጣ?» ሰዉም ዱቄቱን በሁለት ጣት እየተቆነጠረ በቅጠል ተጠቅልሎለት ይገዛል። ወገቡን የሚያመው ይገዛል፤ ሚስት ያላገኘ ይገዛል፤ ከሳሁ የሚል ይገዛል፤ ወፈርኩ የሚልም ይገዛል። ብኸይታም ባለፈው ወር ልትገዛ እጇን ዘርግታ፣ ሰው አይቶኝ ይሆን ብላ ሰብስባዋለች።

«አንበሳ ሥር ሲቆፍር ያየኸው የት ነው፣ ባቢከር?» አለችው አጠገቡ ስትቀመጥ።

«የገበያ ወሬ ነው፣ ብኸይታ። ዝም ብዬ ዱቄት ግዙ ብል ማን ይገዛኛል?»

«ሙርሳልስ ይበላው ነበር?»

ነጋዴው ወደ ኻሚስ አየና አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ አንዲትም ጣት አልቀመሰም። እግሩን ይዞ ነው የመጣው፣ እኔ እግሩን ተዋስኩት እንጂ። ኋላ ግን፣ ከወር በፊት ይሆናል፣ ‹እስቲ ትንሽ ስጠኝ› አለኝ። ሳቅሁበት። ‹አንተም?› አልኩት። ‹ሰው ሁሉ ረዳኝ ይላል› አለኝ። ቅል ሙሉ ሰጠሁት። ሲያልቅበት ትናንት በድጋሚ ሞላሁለት።»

«ከምን ነው የተሠራው?»

«ወላሂ አላውቅም። አንዲት ሴት ከቀርቀሃው ጫካ በላይ፣ መሻገሪያው ላይ ታኖርልኛለች። ስሟን ላልናገር በቁርኣን ምያለሁ።» ባቢከር ጢሙን አሻሸ። «መጀመሪያ ያመጣችው ዱቄት ጣዕም አልነበረውም። ሰው ቀመሰውና ‹ይህማ ዱቄት ነው፣ መድኃኒት የታለ?› ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ መራራ አድርጊው አልኳት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መራራውን አመጣችልኝ፤ ሰዉ ምላሱ ሲቃጠልለት ‹ይሄ ነው!› አለና ተሻማበት።»

«ለሙርሳል ትናንት የሰጠኸው መራራውን ነው?»

«መራራውን።»

ብኸይታ ከጆንያው በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረች፤ ወዲያው ተፋችው። ውሃ አመጡላት፤ ተጉመጠመጠች፤ ደግማ ተጉመጠመጠች። ኻሚስ ሲያያት ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ጣዕም የቀመሰችው የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ በረሃቡ ዘመን ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁለት ልጆች ቀብራለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ በኻሚስ ትከሻ ተደግፋ፣ ከቀርቀሃው ጫካ ሥር ወዳለው ጅረት ወረደች። ለመውረድ ሌሎች ሰዎች ከሚፈጅባቸው ሦስት እጥፍ ፈጀባት። የፈለገችውን ግን አገኘች፦ ሰው በማያልፍበት ጥግ፣ ውሃው በሚሮጥበት ቦታ፣ በድንጋይ የታፈነ የቀርቀሃ ቅርጫት። ውስጡ ተላጦ በስሱ የተከተፈ ነጭ ሥር ሞልቶታል። ልጣጩ ዳር ላይ ተጥሎ ፀሐይ አድርቆታል። ከቅርጫቱ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ይህ ምንድን ነው፣ ሐቦባ?»

«የዱር ቦዬ። መራራው። በረሃቡ ዘመን የበላነው።» ቁጭ አለች። «ላጥ አድርገህ፣ ከትፈህ፣ በሚሮጥ ውሃ ሦስት ሌሊት ታሳድረዋለህ። መርዙን ውሃው ይወስደዋል። ሴቶች ሌሊቱን እንዳይሳሳቱ ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ጠጠር ያኖራሉ፤ የመጀመሪያውን ሲነክሩት፣ ሌላውን በየማታው። ሦስተኛው ጠጠር ሳይቀመጥ ያወጣ ሰው መርዝ ያወጣል። ስትልጠው ደግሞ ፈሳሹ ክንድህን ያሳክክሃል፤ በዘይት ካላሸኸው እንቅልፍ አይሰጥህም።»

«ታዲያ ዛሬ ሰው ለምን ይበላዋል? ማሽላው ሞልቶ?»

«ማንም አይበላውም። በጥጋብ ዘመን ቦዬ የሚነክር ቤት ‹የረሃብ ቤት› ይባላል፤ ከዚያ ቤት ሴት አይታጭም፤ ከዚያ ቤት የወጣን ሰውም ማንም አያከብርም።»

ጠጠሯን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ኻሚስን ያስገረመ ነገር አደረገች፤ አለቀሰች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰዉ በሼኽ ሐመድ ደጅ ባለው የቀርቀሃ ዳስ ተሰበሰበ። ሰዕዲያ ልጇን አቅፋ መሃል ቆማለች። የሙርሳል ሁለት ወንድሞች ጦራቸውን ተደግፈዋል። ኸድራ ከኋላቸው ተቀምጣለች፤ ባቢከር ጆንያዎቹን አስመጥቶ አጠገባቸው ቆሟል፤ ኻሚስ ዳር ላይ ነው።

«ተናገሪ» አሉ ሼኽ ሐመድ።

ብኸይታ ለመቆም ሞከረችና ተቀመጠች። «ቁጭ ብዬ እናገራለሁ፤ ቆሜ ከተናገርኩ ሳልጨርስ እወድቃለሁ።» ጥቂት ሰው ሳቀ። «ሰዕዲያ ገንፎ አበላችው። እሷም በልታለች፤ ልጅቱም፤ ዶሮዎቹም። ገንፎው ማንንም አልገደለም።»

«ለብቻው ሌላ ሰጥታው ይሆናል!» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ፤ ጦሩን ተደግፈህ ስታወራ ያስፈራኛል። ወንድምህን የገደለው ጥፍሩ ሥር ያገኘሁት ዱቄት ነው። ይሄ፣» አለች ወደ ጆንያው እየጠቆመች፣ «አንበሳ ቆፍሮ የሚበላው ሥር። አንበሳ አልቆፈረውም። ሰው ነው የቆፈረው፤ የዱር ቦዬ ነው።»

ዳሱ ተንጫጫ። አንዲት ሴት ቅጠል ጥቅልሏን ከጉያዋ አውጥታ መሬት ላይ ወረወረች።

«በደንብ ከታጠበ አይጎዳም። መራራ እንዲሆን ግን ቶሎ ከውሃ ወጣ። ለምን? ገዢው መራራ ካልሆነ መድኃኒት አይደለም ስላለ። ያልነው እኛ ነን። አንድ ቁንጣሪ ምላስ ያቃጥላል እንጂ አይገድልም። ሙርሳል ግን በእፍኝ በላ።»

«ሙርሳል? ለምን?» አሉ ሼኽ ሐመድ።

«ጉልበቱ አብጦ ነበር። ኻሚስ ሊያልፈው መሆኑን ያውቃል። በየገበያው ‹ይህ ዱቄት ያበረታል› እየተባለ እሱ ራሱ እየቆመ ሰው ሲያጨበጭብ ሰማ። ውሸት መሆኑን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እግሩ ሲከዳው ግን አመነው። የቀደመው ዱቄት የታጠበ ስለነበር አልጎዳውም። ማክሰኞ ባቢከር የሞላለት ግን መራራው ነው።»

«እንግዲያ ባቢከር ነው!» አለ ታናሹ ወንድም፣ ጦሩን አንስቶ።

«ባቢከር ውሸታም ነው፤ ከምን እንደተሠራ ግን አያውቅም። ቢያውቅ ስለ ምሬቱ በኩራት አይነግረኝም ነበር። የምታውቀው የሠራችው ሴት ናት። ቅርጫቷን ትናንት ጅረቱ ውስጥ አገኘሁት። አንድ ጠጠር። ልጣጩን ግን የአንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ አድርቆታል፤ ማክሰኞ አመሻሽ ነክራዋለች ማለት ነው፤ መራራውን ስለሚፈልጉ ረቡዕ ጠዋት ልታወጣው። ሐሙስ ግን ቅርጫቱ እዚያው ነበር፤ ሁለተኛ ጠጠርም የለም። ረቡዕ አልመጣችም። ረቡዕ ከጎህ ጀምሮ ከሐዘን ቤቱ መውጣት ያልቻለች ሴት ማን ናት?»

ዐይን ሁሉ ወደ ሰዕዲያ ዞረ።

«አዎ፣ ሰዕዲያ አንዷ ናት» አለች ብኸይታ። «እጇን ግን ይዤዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ቦዬ የላጠ ክንድ ሌሊቱን ሲታከክ ያድራል። ሐዘን ተቀምጣ ክንዷን በዘይት ያሸች ሌላ ሴት አለች። ሙርሳል ሲወድቅ ሰው ሁሉ ‹ምን ሆንክ?› ይላል፤ ‹ምን በላህ?› ይላል። እሷ ግን ‹ስንት እፍኝ?› ነው ያለችው። በእፍኝ የሚለካውን ነገር ገና ማንም ሳይናገር ታውቀዋለች።»

ማንም ስሟን አልጠራም። ኸድራ ነጠላዋን ከክንዶቿ ላይ ገለጠች፤ ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ ተፍቆ ቆስሏል።

«ማንም በእፍኝ አይበላውም ብዬ ነው» አለች። ድምፅዋ የደከመ ነበር። «በሁለት ጣት ነው የሚሸጡት፤ በሁለት ጣት ማን ይሞታል? ልጄ መብላቱን መች ነገረኝ? ጉልበቱን ደብቆኝ! እኔም ቦዬ መንከሬን ደበቅኩት። የሙርሳል እናት የረሃብ ምግብ ትነክራለች ቢባል በየት ይዞረዋል?»

«ሰዕዲያንስ?» አሉ ሼኽ ሐመድ።

ኸድራ ምራቷን አላየቻትም። «ልጄን እኔ ገደልኩት ማለት አቃተኝ። እሷ ቅርብ ነበረች።»

ወንድማማቾቹ ጦራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ሼኽ ሐመድ ጆንያዎቹ ወደ ገደሉ እንዲደፉ አዘዙ፤ ባቢከርም ከዚያ ገበያ እንዲወጣ። ሰዎች ጆንያውን ሲጎትቱ ብኸይታ ሁለት ጎልማሶች ከኋላዋ ሲንሾካሾኩ ሰማች፦

«አንድ እፍኝ እንደዚያ ያለውን ሰው ከጣለ፣ አንድ ቁንጣሪ ምን ያህል ኃይል ቢኖረው ነው?»

«ዝም በል፣ ከጫፉ ትንሽ ይቀር እንደሆን እንይ።»

ብኸይታ ዞር ብላ ልትሰድባቸው አሰበች። ምላሷ ግን ገና ያቃጥላት ነበር።

ሼኽ ሐመድ ወደ ሰዕዲያ ዞሩ። «የአባቷን ደም የመጠየቅ መብት የልጅሽ ነው፤ የሐሰት ክሱም የቀረበው ባንቺ ላይ ነው። ኸድራን ምን ላድርጋት?»

ሰዕዲያ አማቷን አየቻት። ልጇ አንገቷን አቅፋ ይዛታለች።

«ቤቷ ትመለስ» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ግን በእጇ አታጉርሳት። እስከ ዕለተ ሞቷ።»

ኸድራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ የከፋ ፍርድ የጠበቀች አይመስልም ነበር፤ ይህ ግን ከጠበቀችው ሁሉ የከፋ ነበር።

ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ብኸይታ ወደ ቤቷ ስትሄድ በሙርሳል ደጅ አለፈች። ኸድራ ከቤቱ ውጪ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተቀምጣለች፤ ከረቡዕ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሰዕዲያ ከውስጥ ወጣች፤ በገበታ የማሽላ ገንፎ ይዛለች። አማቷ ፊት አኖረችው።

ኸድራ ገበታውን አየችው። እጇን አነሳችና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ሰዕዲያ ገባት። ቁጢጥ አለችና በሁለት ጣቷ ከገንፎው ዛቅ አድርጋ ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠች፤ አፏንም ከፍታ አሳየቻት። ከዚያ ተነስታ ወደ ልጇ ገባች።

ኸድራ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና መብላት ጀመረች።